ከጠመኔው ዱቄት ሥር

ብሪስቶል፣ 1768

መጋቢት 3

ዛሬም ጃቤዝ ከጠዋት ጀምሮ ሲቀጠቅጥ ዋለ። ከበርሜል ሠሪ ፎቅ ላይ ቤት የተከራየ ሰው ጆሮውን አብሮ አከራይቷል ማለት ነው። የጆሮዬስ ይሁን፤ ጆሮ ይለምዳል። ጠመኔ ግን አይለምድም። መዶሻው ባረፈ ቁጥር ግድግዳው ይነዝራል፣ ግድግዳው በነዘረ ቁጥር በጠመኔ ሥዬ የሰቀልኳቸው ፊቶች ዱቄታቸውን ያራግፋሉ።

የስኳር ነጋዴው ሚስት የባሏን ምስል ልታይ መጣች። "አገጩ በዛ" አለች። ቀነስኩ። "አሁን ደግሞ አገጭ የለውም።" ጨመርኩ። "ቅድም ይሻል ነበር።" አገጩን የሰጠው እግዚአብሔር ነው ልላት ነበር... ዋጥኩት። አብረዋት የመጡ ሁለት ሴቶች፣ ማን እንደሆኑ እንኳ አላውቅም፣ አፍንጫው ላይ ተከራከሩ። በዚህ ከተማ የሠዓሊ ክፍል ማለት ገበያ ነው። የፈለገ ደረጃውን ወጥቶ ይገባል፣ ያያል፣ አፉን ይከፍታል፣ ይሄዳል። ወግ ነው አሉ። ማን ያወጣው ወግ?

ቀዩ ጠመኔ ደህና ነው። ሮዙ ግን አሁንም እጄ ላይ ይፈርሳል። ሻጩን ስጠይቀው "እርጥበት ነው" ይለኛል። ብሪስቶል ውስጥ ሁሉም ነገር እርጥበት ነው።

እራት፣ የቀዘቀዘ የበግ ሥጋ በሰናፍጭ። አልጣመኝም።

መጋቢት 5

ወይዘሮ ራክሳል የምትባል ባለጸጋ መበለት መጣች፣ የእህቷን ልጅ አስከትላ። ልጅቱ ታቢታ ትባላለች። ወላጆቿ የሞቱት በሕፃንነቷ ነው፤ ያሳደገቻት አክስቷ ናት። ዕድሜዋ ሃያ ሦስት። ረጅም፣ ቀጥ ያለች፣ ዓይኗ የሚያምር። ፊቷን ፈንጣጣ ክፉኛ ጠቅጥቆታል።

"ሊዝበን ላለው እጮኛዋ የሚላክ ነው" አለች አክስትየው። "ሚስተር ፔንሮዝ፣ የወይን ነጋዴ። ምስሏ በሚያዝያው መርከብ ይቀድማል፣ እሷ በመከር ትከተላለች።"

"ደስ ይላል" አልኩ።

"ፊቷን..." አለችና ጓንቷን ማስተካከል ጀመረች። "መቼም ያውቁታል። እንደ ወጉ።"

አውቃለሁ። እንደ ወጉ ማለት ያለ ጠባሳ ማለት ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ስሠራው የኖርኩት ነው። የዚህን ከተማ ሰው የግማሹን ፊት ፈንጣጣ በልቶታል፤ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለው ግን አንድ ጠባሳ አይገኝም። ከመቶ ዓመት በኋላ የሚመጣ ሰው፣ ፈንጣጣ እንግሊዝን ሳይነካ ያለፈ ይመስለዋል።

ልጅቱ መስኮቱን ስታይ ነበር።

መጋቢት 9

የመጀመሪያው ቀን። ወይዘሮ ራክሳል ጠመኔ አይስማማትም። ገና የምሥልበትን ሰማያዊ ወረቀት ሳራግፍ ማስነጠስ ጀመረች፣ አላቆም አለች። በመጨረሻ ወንበሯን አስወጥታ ደረጃው አናት ላይ ተቀመጠች፣ በሩን ገርበብ አድርጋ። ለእኔ ግልግል።

በቀዩ ጠመኔ ጀመርኩ... ምን እንደነካኝ አላውቅም። ጠባሳውን ሁሉ ሣልኩት። አንድ በአንድ። ብርሃኑ ከጎን ነው የሚመጣው፤ እያንዳንዷ ጉድጓድ የራሷ ትንሽ ጥላ፣ የራሷ ጠርዝ አላት። ስንት ዓመት ለስላሳ ጉንጭ ስሠራ ኖርኩ፣ ሁሉም እንደ እንቁላል አንድ ዓይነት። ዛሬ እጄ ደስ አለው። ይሄን ለማንም አልናገርም።

ልጅቱ ወገቧን ልታሳርፍ ተነሥታ አየችው። 

"ይቺ እኔ ነኝ" አለች።

"ለጊዜው ነው" አልኳት። "ከላይ ይሸፈናል።"

"ይሸፈናል?"

"እንደ ወጉ።"

ተመልሳ ተቀመጠች።  እኔም ቀኑን ሙሉ ተናደድኩ፣ በማን ላይ እንደሆነ ሳላውቅ።

መጋቢት 12

ወሬኞች ወጡብን። አንድ ቄስና ሁለት ወይዛዝርት። ቄሱ ቀዩን ንድፍ አይቶ "ምን ፈሰሰባት?" አለ። ልጅቱ እዚያው ወንበሩ ላይ ተቀምጣለች! ጀርባዬን ሰጥቻቸው ማጥፊያ በማደርገው የዳቦ ልብ ወረቀቱን ማጥፋት ጀመርኩ፣ ምንም የሚጠፋ ሳይኖር። እስኪወጡ ድረስ ስፈትግ ቆየሁ።

ከሄዱ በኋላ ታቢታ በሹክሹክታ፣

"ወይዘሪት ሊደን፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?"

"አገጭሽን ሳታነሺ ጠይቂ።"

"ባይሸፍኑትስ?"

እጄ ቆመ። "የምትከፍለኝ አክስትሽ ናት።"

"አውቃለሁ። ግን ይስሙኝ። ሚስተር ፔንሮዝ ያየኝ በአሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። እሱ ሊዝበን ሄደ፣ እኔ ታመምኩ። እስከ ዛሬ አያውቅም። ስንት ጊዜ ጻፍኩለት መሰለዎት? አክስቴ ሳታነበው የሚታሸግ ደብዳቤ የለም። 'አሁን ይሄን ምን አመጣው' ትልና እንደገና ታስጽፈኛለች።"

"ይተወኛል ብለሽ ነው የምትፈሪው?"

"መተዉንማ... አሁን ቢተወኝ እዚሁ ቤቴ ነኝ። አለቅሳለሁ፣ ይወጣልኛል። እዚያ ወደቡ ላይ፣ ሻንጣዬ አጠገብ ቆሜ፣ ፊቱ ሲለወጥ ካየሁ በኋላ ግን የት ነኝ? አገሩን አላውቀው፣ ቋንቋውን አልችለው። እሱ ደግሞ ጨዋ ሰው ነው፤ ለጨዋነቱ ሲል ያገባኛል። ዕድሜዬን ሙሉ ከሰው ጨዋነት ጋር መኖር አልፈልግም።"

ከደረጃው፣ "ታቢታ፣ አፍሽን አታንቀሳቅሺ፤ ሥዕሉ ይበላሻል።"

ወደ ወረቀቱ ተመለስኩ።

ምን አገባኝ? ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም። ጠመኔ ሸጬ የምኖር ሴት ነኝ... የሰው ትዳር ምን ቤቴ ነው?

መጋቢት 16

ፀጉሩን ጨረስኩ። ሪባኑን ጨረስኩ። የቀሚሱን ዳንቴል አንድ በአንድ፣ ማንም የማያየውን ሳይቀር። ጉንጩ ላይ መድረስ አልፈልግም።

"ጉንጩ መቼ ነው?" ትላለች አክስትየው ከደረጃው ላይ፣ መሐረቧን አፍንጫዋ ላይ ይዛ።

"ጉንጭ መጨረሻ ነው" አልኳት። ውሸት። ጉንጭ መጀመሪያ ነው።

መጋቢት 19

የስኳር ነጋዴው ጉንጭ ረገፈ!

ጃቤዝ ጠዋት አንድ ትልቅ በርሜል ላይ የብረት ቀለበት ሲያጠልቅ ቤቱ ሁሉ ይንቀጠቀጥ ነበር። ቀና ብል የነጋዴው መንጋጋ ባዶ ሆኗል። ሮዙ ዱቄት ተንሸራትቶ ከመስታወቱ ግርጌ ተከምሯል። ጥፋቱ የእኔ ነው። ሚስትየው ስታጣድፈኝ የመጨረሻውን ዱቄት ወረቀቱ ላይ በጣቴ ሳላሸው መስታወት አለበስኩት። ያልታሸ ጠመኔ ወረቀት አይዝም። ከሥሩ ግን ቀዩ ጠመኔ ንቅንቅ አላለም። የመጀመሪያ ቀን የሠራሁት አገጭ፣ ያ ስንት የተጨቃጨቅንበት፣ እንዳለ ቁጭ ብሏል።

በንዴት ወረድኩ።

"አንተ ሰውዬ፣ የሰው ፊት አረገፍክብኝ።"

ጃቤዝ መዶሻውን እንኳ አላስቀመጠም። "እትዬ ኬዝያ፣ በመዶሻ ድምፅ የሚረግፍ ፊት ከሆነ ጥፋቱ የመዶሻው ነው ወይስ የፊቱ?"

"አትቀልድ።"

"አልቀለድኩም። የእኔን ይሣሉት፤ ይሄ አይረግፍም።" የራሱን ፊት ጠቆመኝ። እሱንም ፈንጣጣ አልማረውም፤ ልጅ ሳለ ነው። "ጠመኔዎ የሚበቃ ከሆነ ማለቴ ነው።"

እየተሳደብኩ ደረጃውን ስወጣ መሀል ላይ ቆምኩ። የረገፈው ከላይ ያለው ነው። ከሥር ያለው አልረገፈም። ከዚህ እስከ ሊዝበን ደግሞ... መርከብ አለ፣ ማዕበል አለ።

አይሆንም። ተይ ኬዝያ።

መጋቢት 21

ሞከርኩት። በትርፍ ወረቀት ላይ አንድ ጉንጭ ብቻ። ቀዩን ከነጠባሳው ጫን አድርጌ፣ ከላዩ ሮዝና ነጭ ዱቄት ሳልነካው አፍስሼ። መስታወት አልብሼ ለጃቤዝ ሰጠሁት፣ ከሥራው ጠረጴዛ በላይ እንዲሰቅለው።

"ይሄ ምንድነው? የማን ጉንጭ ነው?"

"የማንም። ዝም ብለህ ስቀል።"

"በዕድሜዬ አንድ ሙሉ ሰው እንኳ ሰቅዬ አላውቅ፣ አሁን ጉንጭ ልስቀል" እያለ ሰቀለው።

መጋቢት 23

ጃቤዝ ጉንጩን ይዞልኝ ወጣ። "እትዬ፣ ጉንጭዎ ፈንጣጣ ይዞታል" አለኝ። ጠባሳው ሁሉ ወጥቷል፣ አንድ ሳይቀር። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። የእኔ ደግሞ እያደር ይራገፋል።

ልጅቱ ስትመጣ አሳየኋት፣ አክስትየው ደረጃው ላይ ስታስነጥስ። ቀስ ብዬ ነገርኳት። እዚህ ለስላሳ ሆኖ ይወጣል፣ መርከቡ ላይ ይራገፋል፣ ሊዝበን ሲደርስ አንቺን ሆኖ ይደርሳል። እሺ ካልሽ ብቻ።

መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት እጇን አፏ ላይ ጫነች፣ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። ስትስቅ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው።

"እስከ ሊዝበን በቂ ማዕበል አለ?"

"ካነሰ እንዲጨመርልን እጸልያለሁ።"

"እሺ ነው መልሴ" አለች። ከዚያ ሳቋ ጠፋ። "አክስቴን ማታለል ነው አይደል?"

"ነው" አልኳት። ሌላ ምን ልበላት?

መጋቢት 28

አለቀ። ጉንጩን ትንፋሼን ውጬ ነው የሠራሁት። ጣቴን አላስነካሁም። እንደ ጧት ብርሃን ሆነች... የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ። ከሥሯ ያለውን የምናውቀው ሁለት ሰዎች ነን።

ወይዘሮ ራክሳል መሐረቧን ይዛ ገባች። ምስሉ ፊት ቆመች። ስለ አፍንጫው የምትለውን ጠበቅኩ። ምንም አላለችም። ዓይኗ ረጠበ፤ ከማስነጠሱ ነው አልኩ።

"ነፋሱ ከምዕራብ ነው" አለች ቆይታ። "መርከቧ ከወንዙ አፍ መውጣት አልቻለችም። እስክትወጣ ቤቴ ትሰንብትልኝ።"

"ማን?" አልኩ እንደ ቂል።

"ይቺ" አለች ምስሉን እያየች።

ቤቷ! ቤቷ እኮ የጭነት ጋሪ ሁሉ የሚያልፍበት የድንጋይ መንገድ ላይ ነው። ምን ብዬ ልከልክል? ተሸካሚዎቹ እሷን ተሸክመው የሚሄዱበትን ወንበር በር ላይ ይዘው ቆመዋል፣ አንደኛው ያነክሳል። ምስሉን ጭኗ ላይ አስቀምጣ እየተንገጫገጨች ሄደች። ታቢታ ከኋላ በእግሯ። ዘወር ብላ አየችኝ። ፊቷ አመድ መስሏል።

መጋቢት 30

ነፋሱ አሁንም ከምዕራብ ነው። የወደቡን ባንዲራ ሳይ ዋልኩ።

ሚያዝያ 1

ከምዕራብ። ምን ዓይነት አገር ነው?

ሚያዝያ 2

መጣች። ወይዘሮ ራክሳል፣ ምስሉን ታቅፋ፣ ታቢታ ከኋላዋ። ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችው። ሮዙ ዱቄት ግርጌው ላይ ተጋድሟል። የግራ ጉንጩ ጠባሳ ወጥቷል፤ የቀኙም ጀምሯል።

እንድትጮህ ጠበቅኩ። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

"ፊት ለፊቷ ነው የሰነበትኩት" አለች። "ምግብም እዚያው አስመጥቼ። ስድስት ዓመት ስፈልጋት የኖርኩትን ልጅ አገኘሁ ብዬ። ከዚያ አንዲት ነጥብ አየሁ። ዓይኔ ነው አልኩ። በማግስቱ ሌላ። ያኔም እንዲህ ነው የወጣባት፣ በግራ ጉንጯ ጀምሮ። እንደገና ቁጭ ብዬ አየሁት፣ ወይዘሪት ሊደን። እንደገና።"

እኔ ይሄን መቼ አሰብኩት? ጌጥ የምትወድ፣ ለሰው ዓይን የምትሞት ሴት ናት ብዬ ነበር የያዝኳት።  ያለውን ሁሉ ነገርኳት፣ ሳላሳምር። ያልታሸውን ዱቄት፣ መርከቡን፣ የጃቤዝን መዶሻ። በደልኩዎት አልኳት።

"እኔ ነኝ እሺ ያልኳት" አለች ታቢታ።

"ለምን?"

"ደብዳቤዬን ስለሚያነቡብኝ።"

"ላንቺ ብዬ ነው።"

"አውቃለሁ፣ አክስቴ።"

"ቢተውሽስ?"

"እዚሁ ነኝ።"

"ባይተውሽስ?"

"እንግዲያው አይቶኝ ነው።"

ወይዘሮ ራክሳል ወደ ምስሉ ዞረች።  ከዚያ፣ "ይሄን መስታወት ያንሡልኝ" አለች። ጉጠት አምጥቼ ምስማሩን ነቃቀልኩ። ምስሉን አቆመችው። በመዳፏ ጀርባውን መታችው። ዱቄቱ ቦነነ። አስነጠሳት። እንደገና መታችው። አስነጠሳት። መታችው... ሮዙ፣ ነጩ፣ ሁሉም ቀሚሷ ላይ እስኪራገፍ። እንባዋ ይወርዳል፤ ማስነጠሱ ይሁን ሌላ አልጠየቅኩም።

ታቢታ ከነጠባሳዋ ጠረጴዛው ላይ ቀረች።

"ትሂድ" አለች አክስትየው። "ለእኔ ግን ሌላ ይሠሩልኛል። ለስላሳዋን። የማይረግፍ።"

እሠራለሁ አልኩ።

ሚያዝያ 6

ነፋሱ ዞረ። መርከቧ ወጣች።

ግንቦት 11

ለስላሳዋ እምቢ አለችኝ። ሦስተኛ ወረቀት ቀደድኩ። ቀዩን ከሥር ሳላደርግ ብጀምር አሻንጉሊት ትሆናለች። ቀዩን አድርጌ በጣቴ ባሸው ቀዩ ከሮዙ ተቀላቅሎ ጭቃ ይሆናል። ሃያ ዓመት ሙሉ በጭፍን የሠራሁት ነገር አሁን ምን ሆነ? ወይዘሮ ራክሳል አታጣድፈኝም። ያ ነው የባሰው። ብታጣድፈኝ እሰድባት ነበር።

የስኳር ነጋዴው አገጩን ወስዶ ሄደ። ሚስቱ ወደደችው። ለምን እንደወደደችው አልገባኝም፣ አልጠየቅኩም።

ሰኔ 20

ጃቤዝ ስለ ሊዝበን ይጠይቀኛል። "ምን ተባለ?" ምንም። "ባሕሩ ሰፊ ነው" ይላል። ባሕሩ ምን አደረገ? ሰውየው ነው።

ሐምሌ 14

ደብዳቤ መጣ። ታቢታ እየሮጠች ይዛው ወጣች፣ ኮፍያዋ ተንጋዶ፣ አክስቷ ከኋላ እያለከለከች። ያልተከፈተ! አክስትየው አልከፈተችውም። እኔ ጋ ነው የከፈተችው።

አነበበችልን። ደህና ነኝ፣ ሙቀቱ ከብዷል፣ ወይኑ መልካም ነው... ከዚያ፦

"ምስልሽ በደህና አለመድረሱን ስነግርሽ አዝናለሁ። የመርከቧ እርጥበት ፊትሽን አበላሽቶታል፤ ጉንጩ ሁሉ ነጠብጣብና ጉድጓድ ሆኖ ነው የደረሰው። አትዘኚ። እዚህ አንድ ጎበዝ ሠዓሊ አግኝቼ አስጠገንኩት። አሁን ልክ እኔ እንደማስታውስሽ ሆነሻል።"

አስጠገንኩት።

 እኔ መጀመሪያ የነደደኝ ለሥራዬ ነው፣ እውነቱን ለመናገር። ያ የማን ውርጋጥ ነው ሥራዬ ላይ እጁን የጫነ? ከዚያ ነው ልጅቱን ያየኋት።

ሳቀች። ወንበሩን ይዛ ሳቀች፣ እኛም ልንስቅ ትንሽ ቀርቶን ነበር። "አስጠገነኝ" አለች። "እርጥበት ነኝ እኮ፣ ወይዘሪት ሊደን። ከነጉድጓዴ፣ እርጥበት።" ከዚያ ሳቁ ሌላ ሆነ። አክስቷ ያዘቻት።

ከተረጋጋች በኋላ ወረቀት ጠየቀችኝ። በእኔ ብዕር፣ የእኔ ጠረጴዛ ላይ፣ ጠመኔውን ገፋ አድርጋ ጻፈች። አጭር ነበር። ጮክ ብላ አነበበችው፣ ማንም ሳይጠይቃት። "ባሕሩ ምንም አላበላሸም። ፈንጣጣ ነው። ይኸው ስድስት ዓመቴ። ያስጠገኑት እኔን ነው። አሁን ስላወቁ የሚሉትን ይጻፉልኝ።"

አክስትየው ሰሙን አቅልጣ አሸገችው። 

መስከረም 2

ምንም የለም። ለስላሳዋን እንደገና ጀመርኩ፣ ተውኩ።

መስከረም 23

ሁለት መርከብ ገባ። ምንም።

ጥቅምት 11

ከሊዝበን ሣጥን መጣ። እዚህ ነው ያስመጡት፣ እኔ እንድከፍተው። ምስሉ ነው። ከላዩ የሚስተር ፔንሮዝ ሦስት መስመር፦ የንግዱ ሁኔታ ለጋብቻ እንዳልተመቸው፣ ጤና እንደሚመኝላት፣ የእሷ የሆነውን መመለስ ግዴታው እንደሆነ። ጨዋ ሰው ነው፤ ብላኝ ነበር።

ታቢታ መልስ ሲጠፋ ጊዜ ቀድማ አልቅሳ ጨርሳ ነበር፤ መስከረምን እንደ ታመመ ሰው ነው ያሳለፈችው፣ አክስቷ ነግራኛለች። ዛሬ አላለቀሰችም። ወረቀቱን አጣጥፋ ኪሷ ከተተች። "እዚሁ ነኝ" አለች ብቻ። እጄን ምን ላድርገው አላውቅም ነበር። በመጨረሻ ትከሻዋ ላይ አደረግኩት። ተናድጃለሁ፣ አሁንም ስጽፈው ተናድጃለሁ። ሰውየው ላይ፣ ወጉ ላይ፣ ያንን ወግ ሃያ ዓመት በጣቴ ያሸሁ እኔው ላይ።

ምስሉን ወደ መስኮቱ አዞርኩት። የሊዝበኑ ሠዓሊ እጁ መጥፎ አይደለም፣ ይሄን መካድ አልችልም። ጉንጩ እንደ ወተት ነው። ሙጫ ረጭቶበታል፤ ጀርባውን መታ መታ አደረግኩት፣ አንዲት ቅንጣት አልወደቀችም።

"እንግዲህ ዕዳዬ ተከፈለ" አልኳት ወይዘሮ ራክሳልን፣ እኔ ያቃተኝን ሌላ ስለሠራው እየመረረኝ። "ይኸው ለስላሳዋ። የማትረግፍ።"

ቀረብ ብላ አየቻት። ታቢታን አየች። እንደገና ምስሉን።

"ይቺ ማን ናት?"

"እርስዎ የፈለጓት ናት።"

"እኔ የፈለግኩት ታቢታን ነው" አለች። "ይቺን አላውቃትም።"

ይዘዋት አልሄዱም። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙሬ አቆምኳት።

ጥቅምት 20

አዲስ ወረቀት ወጠርኩ። ታቢታ ወንበሩ ላይ፣ ሪባን የለ፣ ዳንቴል የለ፣ የቤት ቀሚሷን ለብሳ። ስለ ልብሱ ማንም አልነገራትም።

ወይዘሮ ራክሳል ደረጃው ላይ አልተቀመጠችም። ከኋላዬ ነው ወንበሯን ያደረገችው። ስታስነጥስ ዋለች። "ቢወጡ ይሻልዎታል" አልኳት ሁለቴ። አልሰማችኝም። አንድ ሰውዬ ደረጃውን ወጥቶ ገና አፉን ሳይከፍት "ዛሬ አይታይም" ብላ በሩን ዘጋችበት። ይሄን እኔ ራሴ በዕድሜዬ ሙሉ አልደፈርኩትም።

ቀዩን ብቻ ነው የያዝኩት። ግንባር፣ ጉንጭ፣ የከንፈሩ ጥግ። ጨረስኩ ብዬ ጠመኔውን ሳስቀምጥ ከኋላዬ፣

"ወይዘሪት ሊደን።"

መጣ አልኩ በሆዴ። "አፍንጫው ነው?"

"አፍንጫው ደህና ነው። ከጆሮዋ ሥር ያለችዋን ጠባሳ ረስተዋታል።"

ተነሥቼ ሄጄ አየሁ። እውነቷን ነው። ተመልሼ ቀዩን ጠመኔ አነሣሁ።